አዋጁ ክፍለ ጊዜ ይሰጣል፤ መምህሩንስ ማን ይሰጣል?

ልጆቼ፣

ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል በድሬዳዋችን ከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ስትከራከሩ እሰማለሁ። ግማሻችሁ «በዚህ ከተማ የሚማር ልጅ ሁሉ የጎረቤቱን ቋንቋ በሕግ ተገድዶ ይማር» ትላላችሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ «ቋንቋ በግድ አይሆንም» ብላችሁ ትነሣላችሁ። ዕድሜዬን በችሎትና በሕግ ረቂቅ መካከል እንደ ፈጀሁ ስለምታውቁ «ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» ስትሉኝ ቆሜ የምመልሰው ጉዳይ ስላልሆነ በጽሑፍ ይሁን ብያለሁ። አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ እኔ ከአስገዳጁ ወገን ነኝ። ይሁን እንጂ የምትጠይቁት ሕግ ብቻውን የሚሠራው ሥራ ከምታስቡት በጣም ያነሰ ነው።

በክርክራችሁ የሚያናድደኝ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጋችሁ መያዛችሁ ነው። መሥሪያ ቤት በምን ቋንቋ ይጽፋል የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። ልጅ ሒሳብና ሳይንስን በምን ቋንቋ ይማራል የሚለው ሌላ ነው። አንድ ቋንቋ እንደ ማንኛውም የትምህርት ዓይነት በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ተይዞለት ይሰጥ የሚለው ደግሞ ሦስተኛ ነው። ሦስተኛውን ስትጠይቁ ተቃዋሚያችሁ ሁለተኛውን እየፈራ ይመልስላችኋል፤ ፍርሃቱም ከባዶ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 የሶዌቶ ተማሪዎች አደባባይ የወጡት አፍሪካንስ የሚባል ትምህርት ስለ ተጨመረባቸው አልነበረም፤ ሒሳብንና ማኅበራዊ ጥናትን ሳይቀር በአፍሪካንስ እንዲማሩ ስለ ታዘዙ ነው። ቋንቋን በትምህርትነት ማስገደድ ልጁ በያዘው ላይ መጨመር ነው። በማስተማሪያነት ማስገደድ ግን ሌላውን ትምህርት ሁሉ ሊነጥቀው ይችላል። ስለዚህ ስትከራከሩ መጀመሪያ የትኛውን እንደምትሉ ተናገሩ።

በአገራችን የሆነውን እናንተ አልደረሳችሁበትም። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አማርኛን የመንግሥቱ ቋንቋ ብሎ ሲደነግግ ሌላውን ቋንቋ አላነሣውም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአምስት ቋንቋዎች ተነሥቶ በኋላ አሥራ አምስት ደረሰ፤ ሁሉም የሚጻፉት በፊደል ነበር። በ1984 ዓ.ም. አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ እንዲጻፍ ተወሰነ። በዘመቻው አፋን ኦሮሞን በፊደል ማንበብ የተማረች እናት፣ ልጇ ከትምህርት ቤት ይዞት የመጣውን የገዛ ቋንቋዋን መጽሐፍ ማንበብ አቃታት። ይህን የምነግራችሁ ቁቤን ለመንቀፍ አይደለም፤ በወረቀት ላይ አንድ መስመር የሆነ ውሳኔ ቤት ሲገባ ምን እንደሚያደርግ እንድታዩት ነው።

ከዚያ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መጣ፤ በ1987 ዓ.ም. ደግሞ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 5 ሁሉም ቋንቋዎች እኩል እውቅና እንዳላቸው አወጀ። ፖሊሲው ልጆች አንደኛ ደረጃን በራሳቸው ቋንቋ እንዲማሩ ፈቀደ። ትክክል ነበር፤ አሁንም ትክክል ነው። ነገር ግን እንደ ሕግ ባለሙያ አንብቡት። አማርኛ የአገር አቀፍ መግባቢያ ሆኖ እንዲሰጥ አዘዘ፤ ሌላ የብሔረሰብ ቋንቋ መማርን ግን ለተማሪው ምርጫ ተወው። ውጤቱን እዚሁ ድሬዳዋ ታዩታላችሁ። በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ የሚማረው ልጅ አማርኛን ይጨምራል፤ በአማርኛ የሚማረው ልጅ ግን የጎረቤቱን ቋንቋ እንዲጨምር ያ ፖሊሲ አላዘዘም። አንደኛው ወደ ሌላው ሲሄድ ሌላው ባለበት ተቀምጦ ይጠብቃል። እኔ ሕግ ያስፈልጋል የምለው ዋናው ምክንያት ይኸው ነው።

«የድሬ ልጅ ሦስት ቋንቋ ከመንገድ ይለቅማል፤ ለምን ሕግ ያስፈልገዋል?» የሚሉኝ እኩዮቼ አሉ። እውነት ነው፤ እኛ ከመንገድ ለቅመናል። ቀፊራ ገበያ ላይ ዋጋ የተከራከርነው በሻጯ ቋንቋ ነበር፤ ኳስ ሜዳ ላይ ደግሞ ተሳዳቢው በመረጠው። ዛሬ ግን በአንድ ግቢ የሚያድጉ ልጆች ጠዋት ወደ ሦስት ዓይነት ክፍል ይበታተናሉ፤ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ መንገዱን ስልኩ ወስዶታል። መንገድ ያስተምር የነበረውን መንገድ ማስተማር ሲያቆም ትምህርት ቤት ካልተረከበው የሚረከበው የለም። ደግሞም የመንገድ ቋንቋ ለሰላምታና ለገበያ በቂ ነው፤ የሐኪም ትእዛዝ ለማስረዳት ወይም ውል ለመጻፍ ግን አይበቃም።

በሌላ አገር የተሞከረውን ተመልከቱ። በህንድ የታሚል ናዱ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2006 ታሚልን በትምህርት ቤቶች የግድ የሚያደርግ ሕግ አወጣ። ኬረላ በ2017 ለማላያላም፣ ቴላንጋና በ2018 ለቴሉጉ፣ ማሃራሽትራ በ2020 ለማራቲ ተከተሉ። ከእነዚህ ሁለት ነገር ተምሬያለሁ። አንደኛው የታሚል ናዱ ትዕግሥት ነው። በአንድ ጊዜ ሁሉንም ክፍል አላስገደደም፤ በመጀመሪያው ዓመት አንደኛ ክፍልን፣ በሚቀጥለው ሁለተኛን እያለ አሥረኛ ክፍል ለመድረስ አሥር ዓመት ፈጀ። በዚያ ጊዜ መምህር ማሠልጠንና መጽሐፍ ማሳተም ይቻላል። ያም ሆኖ የመጀመሪያዎቹ ልጆች አሥረኛ ክፍል ፈተና ላይ ሲደርሱ ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ ቤተሰቦች ፍርድ ቤት ሄደው ከታሚል ፈተና ነጻ መሆንን ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸውም። በረቂቁ ላይ በደንብ ያልታሰበለት አናሳ በኋላ በፍርድ ቤት በር ይገባል። ሁለተኛው የማሃራሽትራ ቅጣት ነው፤ ሕጉን ተላልፎ ማራቲን ያላስተማረ ትምህርት ቤት ኃላፊ እስከ አንድ መቶ ሺህ ሩፒ ሊቀጣ ይችላል ይላል። ግዴታው ያረፈው በትምህርት ቤቱ ላይ እንጂ በልጁ ላይ እንዳልሆነ ልብ በሉ። «ቋንቋ በግድ አይሆንም» ለሚለው ጓደኛችሁ ጥሩ መልስ ይኸው ነው፤ የሚገደደው ልጁ ሳይሆን የማስተማር ኃላፊነት ያለበት ነው።

የማያስደስተውንም ልንገራችሁ። አየርላንድ ነጻ ከወጣች ጀምሮ አይሪሽን በትምህርት ቤት አስገድዳለች፤ እስከ 1973 እ.ኤ.አ. ድረስ በአይሪሽ የወደቀ ተማሪ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያውን በሙሉ ይወድቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 በተደረገው ቆጠራ አይሪሽ እችላለሁ ያለው ሰው 1.87 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ከትምህርት ቤት ውጭ በየቀኑ እናገረዋለሁ ያለው ግን 72,000 አይሞላም። ዌልስም እ.ኤ.አ. የ1988ቱን ሕግ ተከትላ ዌልሽን አስገድዳ፣ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታውን እስከ 16 ዓመት ዕድሜ አድርሳዋለች። የ2021 ቆጠራ የተናጋሪውን ቁጥር 538,000 ገደማ፣ ማለትም ከሕዝቡ 17.8 በመቶ አድርጎ መዘገበ፤ ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው ያነሰ ነው። እነዚህ ሕጎች ከንቱ ነበሩ አልልም፤ ባይኖሩ ኖሮ ቁጥሩ ምን ይሆን እንደነበር ማን ያውቃል? ነገር ግን ክፍል ውስጥ የተማሩትን ቋንቋ ከበር ሲወጡ የሚጠብቀው ሥራ ከሌለ ፈተናው ሲያልቅ እሱም ያልቃል።

ለዚህ ማስረጃ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ይህች ከተማ ተወለደች፤ ሐረር በተራራዋ ምክንያት ሐዲዱ ሳይነካት ቀረች። የባቡር ኩባንያው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለ ነበር የድሬ ሰው ፈረንሳይኛ ተማረ። ያስገደደው አዋጅ አልነበረም፤ ያስገደደው ደመወዝ ነው። ሰነድ የሚያነብ ከማያነበው የተሻለ ሥራ ያገኝ ነበር። ደመወዙ ሲጠፋ ፈረንሳይኛውም ጠፋ፤ ዛሬ ከእኔ ዕድሜ በታች የሚናገረውን ፈልጋችሁ ማግኘት ያስቸግራችኋል። ስለዚህ ቋንቋን የትምህርት ግዴታ የሚያደርግ አዋጅ ስትጠይቁ የቅጥሩንም ደንብ አብራችሁ ጠይቁ። በጤና ጣቢያ፣ በመሬት ጽሕፈት ቤት፣ በፖሊስ ጣቢያ ሕዝብ የሚያስተናግድ ሠራተኛ ሁለተኛ የአካባቢ ቋንቋ ማወቁ ነጥብ ያስገኝለት። ያኔ ወላጆች ልጆቻቸውን ያስጠናሉ፤ እመኑኝ፣ ሳይለመኑ።

ችሎት ውስጥ ያየሁትን ካልነገርኳችሁ ጽሑፌ ጎደሎ ይሆናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ምክንያቱን በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ በአንቀጽ 20 ደግሞ የክርክሩን ቋንቋ ካላወቀ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲያገኝ መብት ሰጥቶታል። መብቱ ይከበራል፤ አስተርጓሚ ይመጣል። ተከሳሹ ረዘም አድርጎ ይናገራል፤ ስለ ግመሉ፣ ስለ ውኃው ጉድጓድ፣ ከአጎቱ ልጅ ጋር ስለ ነበረው የቆየ ነገር ይዘረዝራል፤ እጁ ይወራጫል፣ ድምፁ ይሰበራል። አስተርጓሚው ያዳምጥና «ድርጊቱን አልፈጸምኩም ይላል» ብሎ ይቀመጣል። ዳኛው ያስመዘግባል። እኔ ቋንቋውን ስለምሰማ ምን እንደ ቀረ አውቃለሁ፤ ቋንቋውን የማይሰማ ጠበቃ ግን የቀረ ነገር እንዳለ እንኳ አያውቅም። ስንቱ መከላከያ በዚያች አጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቀልጦ እንደ ቀረ ፈጣሪ ይወቀው። ከእናንተ መካከል ሕግ፣ ሕክምና ወይም ነርስነት የምትማሩ ካላችሁ አዋጁን አትጠብቁ። በሥራችሁ መግቢያ ላይ የሚቆመው ሰው አዋጁ እስኪጸድቅ አይታመምም ማለት አይቻልም።

የሐረር ጉዳይ ከእኛ ይከብዳል። በክልሉ የሥራ ቋንቋዎቹ ሐረሪና አፋን ኦሮሞ ናቸው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከክልሉ 183,415 ሕዝብ ውስጥ ከግማሽ በላዩ ኦሮሞ፣ ከአምስት አንዱ የሚበልጠው አማራ፣ ሐረሪው ግን ከአሥር አንድ የማይሞላ ነበር። ሐረሪኛ ለዘመናት በዐረብኛ ፊደል ተጽፎ ኋላ በግእዝ ፊደል መጻፍ ጀመረ። እስቲ በሐረር ግንብ ውስጥ፣ በጀጎል የሚያድገውን ልጅ አስቡት። ቁርአን ቤት ዐረብኛ ፊደል ይቆጥራል፤ ትምህርት ቤት ለሐረሪኛና ለአማርኛ የግእዝ ፊደል፣ ለአፋን ኦሮሞና ለእንግሊዝኛ ላቲን ይይዛል። ሦስት ዓይነት ፊደል በአንድ ደብተር ቦርሳ! «ልጅ ይችላል» ትሉኛላችሁ፤ ይችላል፣ በተራ ከሆነ። ሁሉንም በአንደኛ ክፍል ካፈሰሳችሁበት ግን አንዱንም በቅጡ ሳያነብ አራተኛ ክፍል ይደርሳል። እዚህ ላይ ለትንሹ ቋንቋ አደላለሁ። አፋን ኦሮሞ ከሐረር ግንብ ውጭ ሰፊ አገር አለው፤ ሐረሪኛ ግን ሌላ አገር የለውም። እኩልነት ማለት ለሁሉም እኩል ክፍለ ጊዜ ማካፈል ነው የሚል ካለ ከእኔ ጋር አይስማማም።

በ2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ፣ ትግርኛና አፋርኛ የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ ሲወስን ብዙዎቻችሁ ተደስታችሁ ነበር። ደስታው ይገባኛል። የፖሊሲ ውሳኔ ግን በጀት፣ ደንብና መምህር ካልተከተለው መዝገብ ቤት ይቀመጣል።

እንግዲህ አንድ ቀን ረቂቅ አዋጅ ለውይይት ቢቀርብላችሁ መግቢያውን እለፉት፤ መግቢያ ሁልጊዜ ያምራል። ከየትኛው ክፍል እንደሚጀምር ፈልጉ፤ «ከመጪው ዓመት ጀምሮ በሁሉም ክፍሎች» የሚል ከሆነ አዘጋጁ መምህር አልቆጠረም ማለት ነው። መምህሩ የት ኮሌጅ፣ ለስንት ዓመት እንደሚሠለጥን ጠይቁ፤ ተወላጅ ስለሆነ ብቻ ቋንቋ ያስተምራል የሚባል ነገር የለም፤ አማርኛ የሚናገር ሁሉ የአማርኛ መምህር እንዳልሆነ ሁሉ። ውጤቱ ከአማካይ ነጥብ ጋር ይደመራል ወይ? ካልተደመረ ክፍለ ጊዜው ለሒሳብ ማካካሻ ይወሰዳል፤ ይህን የማያውቅ ተማሪ የለም። ከመጀመሪያው ዓመት በጥብቅ ከተደመረ ደግሞ ወላጁ በሥራ ዝውውር ትናንት ከጎንደር ወይም ከአርባ ምንጭ የመጣው ስምንተኛ ክፍል ልጅ በማያውቀው ይወድቃል። በእኔ አስተያየት በኋላ የመጣ ተማሪ ሁለት ዓመት ተምሮ ነጥቡ ሳይደመርበት መቆየት አለበት። የግል ትምህርት ቤቶችም ከአዋጁ ውጭ እንዳይቀሩ፤ ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ልጅ ከጎረቤቱ ቋንቋ ነጻ የሚሆንበት ሕግ ከመውጣቱ ባይወጣ ይሻላል።

ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አቅርቡ፤ በቃለ ጉባኤ መያዙንም አረጋግጡ። ረቂቁን ይዛችሁ ወደ እኔም ብትመጡ አንቀጽ በአንቀጽ አብረን እናነበዋለን። ጠዋት ይሁን እንጂ፤ ከቀትር በኋላ ድሬ እንደምታውቋት ናት፤ እኔም ከእሷ ጋር እተኛለሁ።