ዶቃዬን ቆጥራ ወሰደችብኝ

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ነገሩን ለሰው መናገር ስለሰለቸኝ ነው ለእርስዎ የምጽፈው። የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ ዶቃና ጨሌ እየሰካሁ ሐብል፣ አምባርና ጉትቻ እሠራለሁ። በሥራው ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ቅዳሜና እሑድ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ እሸጣለሁ፤ በሌላው ቀን በቴሌግራም ትዕዛዝ እቀበላለሁ።

የጎረቤቴን ልጅ ሥራውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። መርፌ አያያዙን፣ አቋጠሩን፣ ፒንሳውን፣ ሁሉን አሳየኋት። ስድስት ወር አብራኝ ሠርታ የራሷን ጀመረች፤ እሰየው ብዬ ነበር። አሁን ግን እኔ ዛሬ የለጠፍኩትን እሷ ከነገ ወዲያ ሠርታ ታወጣዋለች። ፎቶውን አጉልታ ዶቃውን አንድ በአንድ እየቆጠረች ነው እኮ! ሰባት ሰማያዊ፣ ሁለት ነጭ፣ አንድ ነሐስ። እኔ 450 ብር የምለውን እሷ 300 ትላለች። ደንበኞቼ «እዚያ ጋ በርካሽ አለ» ይሉኛል። አንዷማ የእሷን አንገቷ ላይ አድርጋ መጥታ «እንደዚህ መሥራት ትችያለሽ?» አለችኝ። የራሴን ሥራ!

እናቴ «ተያት፣ እንጀራዋ ነው» ትላለች። ወንድሜ በሕግ ጠይቂያት ይላል። ፎቶ መለጠፍ ሳቆም ሁለት ሳምንት ትዕዛዝ ጠፋ፤ ስለጥፍ እንደገና ወሰደችው። ከቤተሰቧ ጋር ሰላምታ እንኳ ተቋርጧል፤ ቡና መጠራራቱ ከቀረ ቆየ።

ያ ሰማያዊና ነጭ ሐብል ከሁሉ በላይ የተሸጠልኝ ነው። እርግጥ መነሻውን ስልክ ላይ ነው ያየሁት፣ ከአንዲት የውጭ አገር ሴት ገጽ፤ ግን ቀለሙን ቀይሬዋለሁ፣ ነሐሱንም የጨመርኩት እኔ ነኝ። አልፎ አልፎ ተበጥሶ የሚመለስ አለ፤ ባለፈው ወር አምስት መጥቶልኛል። እሱ የክር ነገር ነው። ክሩን የምገዛው ዓሣ አጥማጆቹ ከሚገዙበት ነው፣ ጠንካራ ነው ብለውኝ። ዋናው ጉዳይ ልጅቷ ናት።

እንዴት ላስቁማት? ፎቶው ላይ ስሜን በትልቁ ልጻፍበት? ዋጋ ልቀንስ?

ደግሞ አንድ ነገር አለ። አዲስ ነገር ከሠራሁ አራት ወር አለፈኝ። ትሪው ፊት እቀመጣለሁ፤ እጄ ያንኑ ሰባት፣ ሁለት፣ አንድ ይደረድራል። ሌሎች «ሐሳብ የማገኘው ከአካባቢዬ ነው» ሲሉ እሰማለሁ። እኔ አካባቢ ምን አለ? ዓሣና አባ ኮዳ፣ ከጓሮ ደግሞ ቡና። እስካሁን የሠራሁት ሁሉ የሰው ሆኖ፣ እኔ ተሰጥኦው የለኝም ይሆን? እውነቱን ይንገሩኝ።

ጨሌ ሰኪዋ፣ ከሐዋሳ

መልስ

እህቴ፣

«እርግጥ መነሻውን ስልክ ላይ ነው ያየሁት» ብለሽ በግማሽ መስመር ያለፍሽው ነገር ለእኔ ከልጅቷ ታሪክ ሁሉ ይበልጥብኛል። አንቺ ከፎቶ ቀዳሽ፤ እሷ ካንቺ ፎቶ ቀዳች። ቀለም መቀየርና ነሐስ መጨመር ሥራውን ያንቺ አያደርገውም። ይህን ራስሽ ታውቂዋለሽ፤ ባታውቂው ኖሮ መጨረሻ ላይ ያን ጥያቄ አትጠይቂኝም ነበር። ወንድምሽ የሚለው ሕግ አለ፤ አዋጅ ቁጥር 123/1987 የኢንዱስትሪ ንድፍን፣ ማለትም የዕቃን መልክና ቅርጽ፣ ይጠብቃል። የሚጠብቀው ግን አዲስ የሆነውን ነው። ሌላ ሰው ቀድሞ ያወጣውን ይዘሽ የትም አትደርሺም። ስምሽን ፎቶው ላይ ብትጽፊም ዶቃ ከመቁጠር አያግዳትም። ዋጋ ደግሞ አትቀንሺ፤ በ300 ብር ስትጎተቱ ሁለታችሁም መቆጠብ የምትጀምሩት ከክሩ ላይ ነው።

ክር ካልን ዘንዳ፣ አምስቱን የተበጠሱ «የክር ነገር ነው» ብለሽ ማለፍሽ አስቆጥቶኛል። ሐብል ማለት ክሩ ነው! ፎቶ ቀለምና ቁጥር ያሳያል እንጂ በምን እንደተሰካ፣ የት እንደተቋጨ፣ ዶቃው ምን ያህል እንደላላ አያሳይም። ከፎቶ የሚቀዳ ሰው የሚሰናከለው እዚሁ ላይ ነው። ያልተገመደው የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ጠንካራ ነው ያሉሽ አልዋሹሽም፤ ጥንካሬው ግን ለዓሣ ነው። የመስታወት ዶቃ ክብደት ቀን ከሌት ሲጎትተው ቀስ በቀስ ይለጠጥና በዶቃዎቹ መሃል መታየት ይጀምራል። ፀሐይ ሲበዛበት ይደርቃል። ስለሚያዳልጥም ቋጠሮ ጥሩ አድርጎ አይዝም።

የተበጠሱትን አውጪና ጫፋቸውን ብርሃን ላይ እዪ። ጫፉ ሳይጎዳ እንደተጠመዘዘ ካለ፣ ቋጠሮው ነው የተፈታው። ቀጥኖና ነጣ ብሎ ካለ ተለጥጦ ነው። በምላጭ የተቆረጠ ከመሰለ ደግሞ የዶቃ ጠርዝ በልቶታል፤ እኔ የምጠረጥረው ይህን ነው። በየአሥሩ ዶቃ አንድ ነሐስ አለሽ፤ የነሐስ ዶቃ ቀዳዳው ካልለሰለሰ ክር ይበላል። ራስሽ ጨመርኩ የምትዪው ዶቃ ሳይሆን አይቀርም ሐብሎችሽን የበጠሰው። የጥጥ ክር በቀዳዳው አሳልፈሽ ወዲያ ወዲህ ሳቢው፤ ክሩ ከተቧጨረና ከሻከረ በቀጭን ክብ ሞረድ ከሁለቱም በኩል ጠርዙን አልስሺው፣ ከዚያ እንደገና ሞክሪው።

ነሐስ ላለበት ሐብል ቀጫጭን የብረት ሽቦ ተገምዶ ፕላስቲክ የለበሰውን ክር ተጠቀሚ፤ 0.38 ሚሊ ሜትር የሆነው ይበቃል። ጫፉን የምትይዘውን ትንሿን የብረት ቱቦ፣ 2 ሚሊ ሜትር የሆነችውን፣ አስገቢ፤ ክሩን በመቆለፊያው ቀለበት አዙረሽ በቱቦዋ መልሺው፤ ትርፉን 3 ሴንቲ ሜትር ያህል በዶቃዎቹ ውስጥ አሳልፊው። ቱቦዋን ከመጨፍለቅሽ በፊት ግን ሐብሉን እንደ አንገት አክብቢው። ቀጥ ብሎ እንደተኛ ብትቋጪው፣ አንገት ላይ ሲጎብጥ ዶቃዎቹ ይጨናነቁና ክሩ ቱቦዋ አፍ ላይ ይቆረጣል። 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዪለት። ፒንሳውን አንዴ ጨብጪ፤ ደጋግመሽ ከጨፈለቅሻት ቱቦዋ ራሷ ክሩን ትቆርጠዋለች።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። «ዓሣና አባ ኮዳ፣ ከጓሮ ደግሞ ቡና» ያልሽው በንቀት ነው፤ እኔ ግን ሦስት ሥራ ነው ያነበብኩት። ከአካባቢ ሐሳብ መውሰድ ማለት የዓሣ ቅርጽ ያለው ነገር ማንጠልጠል አይደለም። የሚወሰደው አቀማመጡ ነው፦ ምን ከምን አጠገብ ሆነ፣ ስንት ሆነ፣ የት ላይ ተቋረጠ።

የቡናውን ቅርንጫፍ ቀረብ ብለሽ እዪው። ፍሬው ቅርንጫፉን ሙሉ አልተሰካም። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ከሚወጡበት አንጓ ላይ ተሰብስቦ ይጨናነቃል፤ ከዚያ ባዶ ዘንግ ይመጣል፤ ከዚያ ሌላ ጭብጥ። በአንድ ጭብጥ ውስጥ ያለው ሁሉ ደግሞ እኩል አይበስልም፤ ቀዩ መሃል አንድ ቢጫ፣ አንድ አረንጓዴ አይጠፋም። ያንቺ ሰባት፣ ሁለት፣ አንድ ዙሪያውን እኩል ይደጋገማል፤ ቡናው ግን አንዴ ይከማቻል፣ አንዴ ይለቃል። ዓይን የሚያርፈው በዚያ ባዶ ቦታ ነው።

እንዲህ አድርገሽ ሥሪው። ሐብሉ 45 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ለዘንጉ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ቡናማ ጨሌ፣ ለፍሬው 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ዶቃ ያዢ። ከፊት አምስት ጭብጥ ይኖራል፤ በአንዱ ጭብጥ ሦስት ቀይ፣ አንድ ቢጫ፣ አንድ አረንጓዴ። ስለዚህ 15 ቀይ፣ 5 ቢጫ፣ 5 አረንጓዴ ትፈልጊያለሽ። በጭብጦቹ መሃል 3 ሴንቲ ሜትር ዘንግ አለ፤ ጨሌው ሲሰካ ቁመቱ ከስፋቱ ስለሚያንስ በሴንቲ ሜትር 7 ገደማ ይገባል፤ ስለዚህ 21 ይሆናል፤ አራት ክፍተት ስላለ 84። ጭብጡ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚይዝ የፊቱ ሥራ 17 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ለመቆለፊያው 2 ሴንቲ ሜትር ስትተዪ በየጎኑ 13 ሴንቲ ሜትር ይቀርሻል፤ ይህም 91፣ 91 ጨሌ ነው። በጠቅላላው 266፤ አንተ ጠፍጣፋ፣ አንተ ጠማማ እያልሽ የምትጥዪው ስለማይጠፋ 300 ቁጠሪ።

ለዚህኛው ሽቦ ሳይሆን የተገመደ ቀጭን ናይለን ክር ነው የሚሆነው፤ 160 ሴንቲ ሜትር ቆርጠሽ በመርፌው እጥፍ አድርጊው፣ ሰምም ቀቢው። ጭብጡ ጋ ስትደርሺ አምስቱን ዶቃ አስገቢና መርፌውን በመጀመሪያው ዶቃ በዚያው አቅጣጫ እንደገና አሳልፊው፤ ስትስቢው አምስቱ ይሰበሰባሉ። እዚህ ላይ የሚበላሸው አንድ ነገር ነው፦ ከመሳብሽ በፊት የኋላውን ጨሌ በጣትሽ ወደ ጭብጡ ካልገፋሽው ክሩ በመሃል ይታያል፤ በኋላ ማጥበቅ የለም፣ መፍታት ነው። ቀይና ቢጫ ዶቃ ከመስካትሽ በፊት በሳሙና ውኃ የራሰ ነጭ ጥጥ እሺበት። ጥጡ ከቀላ ያ ዶቃ የደንበኛሽን ነጠላ ያበላሻል።

ያን ትልቅ ወፍ፣ አባ ኮዳን፣ ሰው አስቀያሚ ይለዋል። አንቺ ቀለሙን ብቻ እዪ፦ ጀርባው የጠቆረ ግራጫ፣ ሆዱ ነጭ፣ ራሱና አንገቱ ደብዘዝ ያለ ሐምራዊ ቀይ። ብዙ ግራጫ፣ ጥቂት ነጭ፣ ሐምራዊውም ከአንድ ቦታ ብቻ። እንዲህ ያለ ቀለም ከስልክ ላይ አታገኚም። ዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ላይ ዓሣ ሲገፈፍ ደግሞ ቅርፊቱን አስተውዪ፤ አንዱ የተቀመጠው ከሥሩ ባሉት የሁለቱ መጋጠሚያ ላይ ነው። ሰፊ አምባር ስትሠሪ የሁለተኛው ረድፍ ዶቃ በመጀመሪያው ረድፍ ሁለት ዶቃዎች መሃል ከተቀመጠ ያው ነው። እዚያው ዛፍ ላይ ያለውን ጉሬዛ ደግሞ ለጉትቻ ተዪው።

በቀጥታ ሐብሉን አትጀምሪ። ፎጣ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ደርድሪ፤ ሰክተሽ አንገትሽ ላይ አድርጊና ከመስታወት ሁለት ሜትር ራቂ። ትሪ ላይ ያማረው አንገት ላይ የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው።

ተሰጥኦ የለኝም ይሆን ላልሽው፦ አራት ወር ያንኑ እየደረደረ «ይህ የእኔ አይደለም» የሚል ጥርጣሬ ውስጥሽ ከገባ፣ ዓይንሽ ከእጅሽ ቀድሟል ማለት ነው። ይህ ለእኔ ከበቂ በላይ ነው፤ አይዞሽ የኔ እህት። ልጅቷም የቡናውን ሐብል ፎቶ አይታ ትቆጥረው ይሆናል። ትቁጠረው፤ አንቺ ያኔ አባ ኮዳው ላይ ነሽ። ቤተሰቧን ግን ቡና እንዲጠጡ አንቺ ቀድመሽ ጥሪያቸው፤ ጎረቤት ናችሁ።

አምስቱን ደንበኞች ዛሬውኑ ደውዪላቸው። ያለ ክፍያ እንደምትሰኪላቸው ንገሪያቸው፤ ሲመጡም አንገታቸውን በሜትር ለኪና ጻፊው፤ ከዚህ በፊት ለክተሽ የምታውቂ አልመሰለኝም።