የተደባለቀ ፕላስቲክን ወደ ጋዝ መቀየር፦ ችግሩ ያለው ከምድጃው በፊትና በኋላ ነው

ወንድሜ፣ «አዳማ ላይ የሚሰበሰበው ፌስታል፣ የብስኩት መጠቅለያና የተሰባበረ ባልዲ ሳይለይ ወደ ጋዝ ሊቀየር ይችላል ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። ይችላል። ጀርመን አገር በአንድ አነስተኛ የሙከራ ምድጃ ላይ ሦስት ዓመት ስለሠራሁ ግን «ሳይለይ» በምትለው ቃል ላይ እከራከርሃለሁ።

ይህ ማቃጠል አይደለም። ለሙሉ ቃጠሎ ከሚበቃው ያነሰ ኦክስጅንና እንፋሎት ይሰጠውና ፕላስቲኩ ተበታትኖ በዋናነት ሃይድሮጅንና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። ጃፓን ካዋሳኪ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሚሠራ ፋብሪካ በቀን እስከ 195 ቶን የፕላስቲክ ቆሻሻ የመቀበል አቅም አለው፤ ከሚያወጣው ሃይድሮጅንም አሞኒያ ያመርታል።

እኛን ያደከመን ኬሚስትሪው አልነበረም። ፌስታል ቀላል ስለሆነ ቆሻሻውን ወደ ምድጃው በሚያስገባው መመገቢያ ውስጥ በወጉ አይወርድም፤ ወደ ምድጃው አፍ ሲጠጋ ደግሞ ለስልሶ ይጣበቃል። አንድ ሌሊት መመገቢያው ቀጥ አለብን። እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን ስንከፍተው ክንድ የሚያህል ጥቁር ድፍን ፕላስቲክ አገኘን፤ መሃሉ ላይ የጃንጥላ ሽቦ ተጠምጥሟል። በመሮና በመዶሻ ስንፈለፍለው ነጋ። ከዚያ ወዲህ ብረቱን በማግኔት ሳናወጣ፣ ሳንፈጨውና አውራ ጣት በሚያህል መጠን ሳንጨምቀው አላስገባንም።

ከሁሉ የከፋው ፒቪሲ የሚባለው፣ የውሃ ቧንቧና የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ የሚሠራበት ፕላስቲክ ነው። ከክብደቱ 57 በመቶ የሚሆነው ክሎሪን ነው፤ ምድጃው ውስጥ ወደ ሃይድሮጅን ክሎራይድ ይለወጥና እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ሆኖ ቧንቧ ይበላል። ካዋሳኪዎቹ ፒቪሲን የሚቋቋሙት ጋዙን በሁለተኛ ምድጃ ከ1,300 ዲግሪ በላይ አሙቀው፣ በቅጽበት አቀዝቅዘው ስለሚያጥቡት ነው። ያ ዕቃ ውድ ነው፤ ለትንሽ ምድጃ አያዋጣም። ስለዚህ ፒቪሲውን ቀድመህ አውጣው። የመዳብ ሽቦ አግለህ ፕላስቲኩን ንካበትና ወደ እሳቱ መልሰው፤ ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለበት። ጭሱ መርዛማ ስለሆነ ደጅ ላይ ሞክረው።

ሃይላንዱንና ጀሪካኑን ግን እባክህ ለምድጃ አትስጥ። ቆራሌው የሚገዛው ፕላስቲክ ታጥቦና ቀልጦ እንደገና ዕቃ ይሆናል። ጋዝ የማድረጉ ሥራ የሚገባው ማንም ለማይገዛው ድርብርብ መጠቅለያ ነው።

የማሽን ዋጋ ከመጠየቅህ በፊት የአንድ ሳምንት ቆሻሻ ሰብስበህ በየዓይነቱ መዝን፤ ከዚያም ፀሐይ ላይ አድርቀህ እንደገና መዝነው። ቁጥሮቹን እዚሁ ብትጽፍልኝ አብሬህ አሰላዋለሁ።