«ይቆይ» «ይሂድ» ተባብለን ተለያየን

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላምዎ ይብዛ። የምጽፍልዎ ከደቡብ ወሎ ነው። የከተማዬን ስም ግን አይጻፉብኝ፤ ነገሩ ከረር ብሏል። የክለባችን ደጋፊ ማህበር አስተባባሪ ነኝ። ዘንድሮ አዲስ አሰልጣኝ መጣልን። በዝውውሩ ጊዜ ነባሮቹ ተጫዋቾች ስለለቀቁ ወጣቶች ይዞ ጀመረ። እስካሁን ካሸነፍነው ያላሸነፍነው ይበዛል። ውድድሩ ሌላ ከተማ ተሰብስቦ ስለሚካሄድ አብዛኞቻችን ውጤቱን የምንሰማው በቴሌግራም ነው። ከዚያ ቡና ላይ፣ በርጫ ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር ክርክር ነው። ግማሹ «ይሂድ» ይላል። ቼልሲ አሰልጣኙን ላምፓርድን አባሮ በዚያው ዓመት ሻምፒዮንስ ሊግ በላ እያለ ይሞግታል። ግማሹ «ይቆይ» ይላል፤ የማንቸስተር ዩናይትዱን አሰልጣኝ የነበረውን ፈርጉሰንን ያነሳል። ከበሮ የሚመታልንና ዜማ የሚያወጣልን ልጆች በዚህ ተጣልተው፣ ለቅሶ ቤት ተገናኝተው እንኳ አልተነጋገሩም። አሁን ቦርዱ የደጋፊውን ሐሳብ ልስማ ብሎ ጠርቶናል። የምናገረው እኔ ነኝ። ምን ልበል?
አስተባባሪው፣ ከደቡብ ወሎ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔ ብሆን «ይቆይ» ነው የምለው። እስከ ውድድር ዓመቱ መጨረሻ ይቆይ። ግን «ፈርጉሰንም ተሸንፎ ነበር» ብለህ ንግግርህን አትጀምር። የፈርጉሰን ታሪክ በየበርጫው የሚወራው ግማሹ ብቻ ነው።

ሰውዬው ማንቸስተር ዩናይትድ የገባው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1986 ነው። ቡድኑ ከ22 ክለቦች 21ኛ ነበር። ያን ዓመት 11ኛ ሆኖ ጨረሰ። ቀጥሎ 2ኛ፣ ከዚያ እንደገና 11ኛ፣ ከዚያ 13ኛ። የመጀመሪያ ዋንጫው በ1990 ያገኘው የእንግሊዙ ጥሎ ማለፍ፣ ኤፍኤ ካፕ ነው። ሊጉን ለመብላት እስከ 1993 ጠበቀ። ይህን ሁሉም ያውቃል። የማይወራው በእነዚያ ዓመታት ከስር ይሠራ የነበረው ሥራ ነው። ታዳጊ የሚመለምሉ ሰዎችን አበዛ። ራያን ጊግስ ገና በ14 ዓመቱ ወደ ክለቡ የገባው በ1987 ነው፤ ከመጀመሪያው ዋንጫ በፊት። የተጫዋቾቹን የመጠጥ ልማድም ታገለ። ስለዚህ ክለቡ ሲታገሠው የሚያየው ነገር ነበር።

የእናንተም ጥያቄ ይኸው ነው። አሰልጣኛችሁ የሚታይ ሥራ አለው ወይ?

ደብዳቤህን ሳነብ ያሳዘነኝም እዚህ ላይ ነው። ሥራውን አላያችሁትም። ያያችሁት ስልክ ላይ የወጣ ቁጥር ነው። የአገራችን ፕሪሚየር ሊግ በኮሮና ምክንያት ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተመረጡ ከተሞች ተሰብስቦ መካሄድ ሲጀምር፣ ከታች ባሉ ሊጎችም ይኸው ልማድ ገባ። ለወጪውና ለጸጥታው ምክንያት አለው ይባላል። ለደጋፊው ግን ከባድ ኪሳራ ነው። እኔ ያደግሁት ደሴ፣ ሆጤ ሜዳ ዳር ነው። በኋላም እዚያው የሰፈር ልጆች አሰልጥኛለሁ። ያኔ ኳስ ነክተው የማያውቁ አባቶች ሜዳ ዳር ጋቢያቸውን ተከናንበው ያዩና «ይሄ ግራ ተከላካይ ደክሟል፣ ቀይረው» ይሉ ነበር። ልክ ነበሩም። ሳምንት ሳምንት ስለሚያዩ ማን እየተሻሻለ እንደሆነ፣ ማን እየወረደ እንደሆነ ያውቃሉ። ዛሬ የከተማው ልጅ የራሱን ክለብ ከማየት ይልቅ ለንደን ያለውን ክለብ ማየት ይቀለዋል። ይህ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ከስብሰባው በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ብር አዋጡና ውድድሩ ወዳለበት ከተማ ሰው ላኩ። ከሁለቱም ወገን። ከበሮ መቺውንና ዜማ አውጪውን አንድ አውቶቡስ ላይ ብታስቀምጣቸው ደስ ይለኛል። ሁለት ሦስት ጨዋታ በዓይናቸው አይተው ይምጡ።

ምን ይዩ? መጀመሪያ ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ ያለውን ሩጫ። ልምምድ በደንብ የሠራ ቡድን ያን ጊዜ ይለያል። ቀጥሎ የሚገባብን ግብ ዓይነቱ። ሁልጊዜ በማዕዘን ምት፣ ሁልጊዜ በዚያው ቋሚ በኩል የሚገባብን ከሆነ፣ በሳምንት ውስጥ የሚታረም ነገር አልታረመም ማለት ነው። ያ የአሰልጣኙ ነው። በአንጻሩ ቡድኑ የግብ ዕድል እየፈጠረ አጥቂው ከሳተ፣ ሰውዬው ግማሹን ሥራ ሠርቷል። ወጣቶቹንም ይዩ። በመጀመሪያው ጨዋታ ኳስ ሲደርሰው ይደነግጥ የነበረ ልጅ አሁን ቀና ብሎ እያየ ያቀብላል? ለእኔ ከነጥብ በላይ የሚነግረኝ ይኼ ነው። አሰልጣኙ ቅያሪውን መቼ እንደሚያደርግም ልብ ይበሉ፤ እየተመራ እስከ 85ኛው ደቂቃ እጁን አጣጥፎ የሚቆም ከሆነ ያሳስባል።

አሁን ወደ «ይሂድ» ወገን ልምጣ። የቼልሲን ነገር ማንሳታቸው ትክክል ነው፤ እውነት ነው። ላምፓርድ በጃንዋሪ 2021 ተባረረ፣ ቱሼል መጣ፣ በሜይ ማንቸስተር ሲቲን 1 ለ 0 አሸንፈው ዋንጫውን አነሱ። ግቧን ያስቆጠረው ግን ሃቨርትዝ ነው። ሃቨርትዝን የገዙት ላምፓርድ እያለ ነው። በዚያ የዝውውር ወቅት ቼልሲ ከ200 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አውጥቷል። ቱሼል የደረሰው ዕቃው ሁሉ ተሟልቶ ነው። የእናንተ ቦርድ ነገ ሌላ አሰልጣኝ ቢያመጣ ምን ይዞ ይጠብቀዋል? እነዚያኑ ወጣቶች።

ባስ ተር ዌል የሚባል ሆላንዳዊ የኢኮኖሚ ተመራማሪ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 2004 ያለውን የሆላንድ ከፍተኛ ሊግ መረመረ። አሰልጣኝ የቀየሩ ክለቦችን፣ ልክ እንደነሱ ውጤታቸው ወርዶ ሳይቀይሩ ከቀሩት ጋር አስተያየ። የቀየሩት ከጥቂት ጨዋታ በኋላ ተነሱ። ያልቀየሩትም ተነሱ። ልዩነት አላገኘም። ጉንፋን የያዘው ሰው በሳምንቱ ይሻለዋል አይደል? በስድስተኛው ቀን ዝንጅብል ከጠጣ ግን ያዳነኝ ዝንጅብሉ ነው ይላል። አዲስ አሰልጣኝ መጥቶ ሁለት ጨዋታ ሲያሸንፍ «አየህ፣ አላልኩህም!» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። ክለብ አሰልጣኝ የሚያባርረው ከመጥፎ ሰሞን በኋላ ነው፣ ከመጥፎ ሰሞን በኋላ ደግሞ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ የተሻለ ሰሞን ነው።

ቦርዱ ፊት ስትቆም ታዲያ ስለ አሰልጣኙ ብቻ አትናገር። ቦርዱን ራሱን ጠይቅ። የተጫዋቾቹ ደመወዝ በወሩ ይከፈላል ወይ? በአገራችን ክለቦች ደመወዝ መዘግየት እንግዳ ነገር አይደለም። ልጁ ለቤተሰቡ የሚልከው አጥቶ በጨዋታው ቀን ስልክ እያወራ ከዋለ፣ የትኛውም አሰልጣኝ አያድነውም። ነባሮቹ ሲለቁ ማን ፈቀደ? የመጡትን የመረጠው አሰልጣኙ ነው ወይስ ሌላ ሰው? ውሉ ሳያልቅ ቢባረር የሚከፈለው ብር ስንት ነው፣ ከየት ነው የሚወጣው? የብዙ ክለቦቻችን በጀት ከከተማ አስተዳደር ነው የሚመጣው። ያ ብር የእናንተው ነው። እነዚህን ጥያቄዎች ጽፈህ ሂድ፤ መልሱንም በጽሑፍ ጠይቅ።

እኔም «ሂድ» የምልበት ጊዜ አለ። አሰልጣኝ ተጫዋች የሚመታ ከሆነ፣ የሚያዋርድ ከሆነ፣ ወይም ለማሰለፍ ከልጆቹ የፊርማ ክፍያ ላይ የሚቆርጥ ከሆነ፣ ያኔ አንድ ጨዋታ አትጠብቁ። ሊጉን እየመራም ቢሆን ይሂድ። በዚህ ድርድር የለኝም። ግን በማስረጃ ይሁን፤ በርጫ ላይ በተወራ ወሬ የሰው እንጀራ አይቆረጥም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ዲኤስቲቪ ቤት ነው ኳስ የምናየው። እሱ አርሰናል፣ እኔ ዩናይትድ። «እኛ አርቴታን ታገሥነው፣ እናንተ በየዓመቱ ታባርራላችሁ» እያለ ያበሽቀኛል። ልዩነታችን ትዕግሥት ብቻ ነው?
የዩናይትዱ፣ ከደሴ

መልስ፦ ወንድምህ በከፊል ልክ ነው። አርቴታ በዲሴምበር 2019 መጣ። በመጀመሪያው ዓመት ኤፍኤ ካፕ በላ፣ በሊጉ ግን 8ኛ ሆነ። በሁለተኛውም 8ኛ። ሦስተኛውን የጀመረው በሦስት ተከታታይ ሽንፈት ነው፤ 9 ግብ ገብቶበት አንድም ሳያስቆጥር የሰንጠረዡ ግርጌ ላይ ተቀመጠ። ያኔ ወንድምህ ራሱ ምን ይል እንደነበር ጠይቀው። ብዙ የአርሰናል ደጋፊ «ይውጣ» ሲል ሰምቻለሁ።

ግን በዚያው የዝውውር ወቅት ክለቡ ያስፈረማቸው 6 ተጫዋቾች በሙሉ ከ24 ዓመት በታች ነበሩ። ኦዴጋርድ፣ ቤን ዋይት፣ ራምስዴል እዚያ ውስጥ አሉ። እነ ኦዚልና ኦባሜያንግ ከዚያ በፊትና በኋላ ተሸኙ። አሰልጣኙና ገዢዎቹ አንድ ሐሳብ ይዘው ነበር። በ2023፣ በ2024 እና በ2025 ሦስቱንም ጊዜ 2ኛ ወጡ።

ያንተ ክለብ ችግር እዚህ ላይ ነው። ሞየስ የ6 ዓመት ውል ተሰጥቶት በ10 ወሩ ተባረረ። ቫን ኻል፣ ሞሪንሆ፣ ሶልሻየር፣ ራንግኒክ፣ ቴን ሃግ፣ አሞሪም እያለ ቀጠለ። እያንዳንዱ የተለየ ኳስ ይፈልጋል። አንዱ የገዛውን ሌላው አይፈልገውም። ከሁሉ የሚያስቆጨኝ የቴን ሃግ ነገር ነው። በጁላይ 2024 ውሉን አራዘሙለት፣ ተጫዋች ገዙለት፣ በኦክቶበር አባረሩት። ቀጥሎ በሦስት ተከላካይ የሚጫወተውን አሞሪምን አመጡ። ልጆቹ ግን የተገዙት ለአራት ተከላካይ ነበር። ያ ዓመት በ15ኛ ደረጃ ነው ያለቀው። ስለዚህ ወንድምህን እንዲህ በለው፦ የጎደለን ትዕግሥት ብቻ አይደለም። ማንን እንደምንጠብቅ፣ ምን ዓይነት ኳስ እንደምንጫወት የወሰነ ሰው አልነበረንም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባለቤቴ በሰሜን ወሎ የአንድ ቡድን አሰልጣኝ ነው። የዞን ውድድር ነው፣ ትልቅ አይደለም። ዘንድሮ ነው የያዛቸው። ባለፈው የ8 ዓመት ልጃችንን ይዤ ሜዳ ሄድኩ። ከኋላችን የነበሩ ደጋፊዎች እሱን እየጠሩ ሲሰድቡ፣ እናቱን ሳይቀር አነሱ። ልጄ «አባዬ ምን አደረጋቸው?» አለኝ። ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ልጁን መውሰድ ላቁም?
የአሰልጣኙ ባለቤት

መልስ፦ እህቴ፣ አታቁሚ። ግን ቦታ ቀይሩ። የተጫዋቾቹ ቤተሰብ የሚቀመጥበት በኩል ሁኑ፤ ብዙ ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ ጥግ አይጠፋም፣ ከሌለም ሁለት ሦስት እናቶች ሆናችሁ ፍጠሩት። ለባለቤትሽም ንገሪው። ከሰው አፍ ከሚሰማው ካንቺ ይስማው። በሥራው ሲተች የለመደ ሰው ነው፣ ይችለዋል። የሚከብደው ልጁ መስማቱ ነው፣ ስለዚህ አብራችሁ ተነጋገሩበት።

የደጋፊዎቹን አስተባባሪም አግኚው። በየቡድኑ አንድ አለ፤ ከላይ የጻፈልኝን ወጣት የመሰለ። ማን እንደሰደበ አትጠቁሚ፣ የተባለውን ብቻ ንገሪው። «ልጁ ከፊታችሁ ተቀምጦ ነበር» በይው። ወሎ ውስጥ ይህን ሰምቶ የማያፍር አስተባባሪ አላውቅም። ይህን የምታነቡ ደጋፊዎችም፣ አሰላለፉን ተቹ፣ ቅያሪውን ተቹ፣ «ይሂድ» ብላችሁ ዘምሩ፤ መብታችሁ ነው። እናቱን ግን ተዉ።

ለልጅሽ ደግሞ እውነቱን ንገሪው። አባቱ ምንም አላደረጋቸውም። ቡድናቸው እንዲያሸንፍ ፈልገው አልሆነላቸውም፣ ተናደዱ። ከዚያ አባቱ በአዘቦት ቀን ወደ ልምምድ ይዞት ይሂድ። ኮኖቹን ይደርድርለት፣ ኳሶቹን ይሰብስብለት።