በር የሌለው ሰፊ ሳሎን ለሚያድግ ቤተሰብ ይበቃል?

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ባለ አንድ ፎቅ መኖሪያ ቤት ለማሠራት ፕላኑን በማጠናቀቅ ላይ ነን። የስምንት ዓመት ሴት ልጅና የሁለት ዓመት ወንድ ልጅ አሉን፤ ሦስተኛ ልጅም እንጠብቃለን። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የባለቤቴ እናት ከእኛ ጋር እንዲኖሩ አስበናል። አርክቴክቱ በታችኛው ወለል ላይ 9 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ አንድ ወጥ አዳራሽ ነድፎልናል። ሶፋው፣ የምግብ ጠረጴዛው፣ የልጆች መጫወቻው ሁሉ እዚያው ሲሆን ማዕድ ቤቱም በስተኋላ በኩል በአጭር ግድግዳ ብቻ ይለያል። መኝታ ክፍሎቹ በሙሉ ከላይ ናቸው። ባለቤቴ ስፋቱን በጣም ወዶታል፤ እኔን ግን ልጆቹ ሲያድጉ ኑሯችን ምን ሊመስል እንደሚችል ያሳስበኛል። ስፋቱን ሳናጣው ልናስተካክለው እንችላለን?

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ጊዜውም አላለፈም። ምክሬ ከ54 ካሬ ሜትሩ ውስጥ 12ቱን ወስዳችሁ በር ያለው ሁለተኛ የመዋያ ክፍል እንድታደርጉበት ነው። በርከት ያሉ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ሳሎኑ ውስጥ ሲቸገር ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የቦታ ጥበት ሳይሆን ድምፅ ነው። አመሻሽ ላይ ትልቋ ልጅ የቤት ሥራዋን ስትሠራ፣ ታናሿ መጫወቻውን ወለሉ ላይ ሲያንኳኳ፣ ሕፃኑ እንቅልፍ ሲይዘው፣ ከእናንተ አንዳችሁ ስልክ ስታነጋግሩ ቴሌቪዥኑም ተከፍቶ ከሆነ፣ አዳራሹ 54 ካሬ ሜትር ሆነ 100 ለውጥ የለውም፤ የሚዘጋ በር እስከሌለ ድረስ ሁሉም የሁሉንም ድምፅ ሲሰማ ያመሻል። ያን ጊዜ ደግሞ የሚደርሰው አንዱን ዝም ማሰኘት ነው፤ ዝም የሚባለውም ዘወትር ትንሹ ልጅ ነው።

ክፍሉን የምትወስዱት ከአዳራሹ የኋለኛ ጥግ፣ ከማዕድ ቤቱ አጠገብ ቢሆን እመርጣለሁ፤ በአዳራሹ ርዝመት 4 ሜትር፣ በስፋቱ ደግሞ 3 ሜትር ይሁን፤ አንዱ ጎኑ የውጭ ግድግዳ ስለሚሆን የራሱ መስኮት ይኖረዋል። ከጎኑ የሚቀረው 4 በ3 ሜትር ቦታ ለምግብ ጠረጴዛ የሚሆን ሲሆን በፊት ለፊት ደግሞ 5 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ ሳሎን ይተርፋችኋል። ይህም 30 ካሬ ሜትር ነውና ባለቤትዎ የወደዱት ስፋት አልጠፋም ማለት ነው።

ለምግብ ጠረጴዛው የቀረው ቦታ እንደሚበቃ በቁጥር ማየት ይቻላል። አንድ ሰው ሳይጨናነቅ ለመብላት 60 ሴንቲ ሜትር ያህል የጠረጴዛ ጠርዝ ያስፈልገዋል። ስድስት ሆናችሁ ሁለት እንግዶች ቢጨመሩ፣ በየጎኑ ሦስት፣ በየጫፉ ደግሞ አንድ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ 2 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ጠረጴዛ ይበቃችኋል። ወንበር ስቦ ለመነሳት ከጠረጴዛው ጠርዝ እስከ ግድግዳው 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተው፤ ሰዎች ወደ ማዕድ ቤት በሚያልፉበት ጎን ግን 1 ሜትር ከ10 ቢሆን የተቀመጠውን ሰው ሳያስነሱ ለማለፍ ያስችላል። ስፋቱ ድምር 3 ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ80 ይመጣል። ከዚህ የጠበበ ቦታ ከተተወ ግን ጠረጴዛው ግድግዳ ተጠግቶ አንድ ጎኑ ያለ ሥራ ይቀራል።

ስለ ብርሃንም ማሰብ ይገባል። በመስኮት የሚገባ የቀን ብርሃን ክፍልን በደንብ የሚያደምቀው፣ የመስኮቱ የላይኛው ጠርዝ ከወለሉ ያለውን ከፍታ እጥፍ ወይም ከዚያ ጥቂት በላይ እስከሚሆን ርቀት ነው። ጠርዙ 2 ሜትር ከ20 ላይ ከሆነ ብርሃኑ እስከ 5 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቀንም አምፖል ይፈልጋል። ስለዚህ 9 ሜትር የሚዘልቀው አዳራሽ መስኮቱ ከፊት ብቻ ከሆነ፣ ባይከፈል እንኳ ከኋላ በኩል ጨለምለም ማለቱ አይቀርም ነበር። አዲሱ ግድግዳ ብርሃን እንዳይከለክል ከዓይን ከፍታ በላይ ያለው ክፍሉ መስታወት ቢሆን መልካም ነው። የክፍሉ በርም የመስታወት ክፍል ቢኖረው ማዕድ ቤት የቆመ ሰው ሥራውን ሳይተው ትንሹን ልጅ ማየት ይችላል። ከታች በኩል የሚገባው መስታወት ሲሰበር በስለታም ስብርባሪ የማይጎዳ፣ ቴምፐርድ የሚባለው ዓይነት መሆን አለበት፤ እዚህ ላይ መቆጠብ አይገባም።

ድምፅን የሚከለክለው ግን አሠራሩ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ከፋይ ግድግዳ እስከ ኮርኒሱ ብቻ ተሠርቶ ይቆማል፤ ድምፁም በኮርኒሱ በላይ ተሻግሮ ወደ ሌላው ክፍል ይገባል፤ ባለቤቶቹም ግድግዳው ለምን እንዳልጠቀማቸው ሳያውቁት ይኖራሉ። ግድግዳው ከወለሉ ተነሥቶ የላይኛውን ሶሌታ እስኪነካ ይሠራ፤ ጫፉ ላይ የሚቀረው ክፍተትም ይደፈን። በሩ ውስጡ ባዶ ያልሆነ፣ ከሥሩም ሰፊ ክፍተት የማይተው ይሁን። ሳሎኑ በሴራሚክ የሚነጠፍ ከሆነ ወፍራም መጋረጃ፣ ምንጣፍና የመጻሕፍት መደርደሪያ ማስተጋባቱን በእጅጉ ይቀንሱታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ይህ ክፍል ለሦስት የተለያዩ የኑሮ ዘመናት የሚያገለግል መሆን አለበት፤ ለጊዜው የልጆች መጫወቻ ነው፣ ትልቋ ከፍ ስትል ማጥኛ ይሆናል፣ አያታቸው ደረጃ መውጣት ሲከብዳቸው ደግሞ መኝታቸው ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚያስችለው ዛሬ ፕላኑ ላይ የሚደረግ ትንሽ ዝግጅት ነው። በአንደኛው የ3 ሜትር ግድግዳ ላይ አብሮ የሚሠራ ቁም ሣጥን ይኑር፤ ለመጫወቻና ለመጻሕፍት 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃ ነበር፣ ነገር ግን ልብስ በመስቀያ ለማንጠልጠል 60 ስለሚያስፈልግ ከወዲሁ 60 አድርጉት። የቀረው 3 ሜትር ከ40 በ3 ሜትር ቦታ የአንድ ሰው አልጋና ጠረጴዛ በምቾት ይይዛል። በሩ ሲከፈት 90 ሴንቲ ሜትር የሚያሳልፍ ይሁን፤ ዛሬ የሕፃን ጋሪ፣ ነገ ምናልባት ተሽከርካሪ ወንበር ያልፍበታል። የታችኛው ወለል መታጠቢያ ቤት የት እንዳለ አልጻፉልኝም፤ ሩቅ ከሆነ ወደዚህ ክፍል እንዲቀርብ አርክቴክቱን ይጠይቁት፤ ቧንቧዎቹ ከማዕድ ቤቱ ጋር ስለሚጎራበቱም ሥራው ይቀላል።

ከፋዩ ግድግዳ ምንም ጭነት የማይሸከም፣ በቀጭን ብሎኬት ወይም በቀላል ቁስ የሚሠራ መሆኑን መሐንዲሱ ያረጋግጥላችሁ። ውኃ አታሳልፉበት፤ ሶኬቶቹንም በተቻለ መጠን በውጭው ግድግዳ ላይ አድርጓቸው። ልጆቹ ከቤት ወጥተው ሰፊ ሳሎን መልሳችሁ ብትፈልጉ ከልስንና ከቀለም ያለፈ ጉዳት ሳይደርስ ሊነሣ ይችላል። በተረፈ ልስን ከመጀመሩ በፊት በክፍሉ በየጥጉ ባዶ የኤሌክትሪክ ቱቦ ይቀበር፤ ግድግዳ ከመሰርሰር ያድናችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የሰዎች መተላለፊያ ሶፋውና ቴሌቪዥኑ መካከል እንዳይሰነጥቅ የመግቢያውን በር ወደ ጥግ ሳቡት። በግድግዳ መሐል የተከፈተ በር ግራና ቀኙ ያለውን ግድግዳ ያሳጥረዋል፤ ረጅም ሶፋም ማረፊያ ያጣል። ይህን በዓይናችሁ ለማየት ፕላኑን በ1 ለ50 አሳትሙትና ዕቃዎቻችሁን በዚያው ልክ ከወረቀት ቁረጡ፤ 1 ሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን፣ 2 ሜትር ከ20 የሆነ ሶፋ 4.4 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ይሆናል። በሶፋውና በትንሿ ጠረጴዛ መካከል 40 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በዋናው መተላለፊያ 90 እየተዋችሁ ደርድሩ። ልጅዎም ከእናንተ ጋር ትደርድር፤ የስምንት ዓመት ልጅ የት መቀመጥ እንደምትወድ በደንብ ታውቃለች።

ጥያቄ፦ የገዛነው ቤት ተሠርቶ ያለቀ ነው። ወደ ላይ የሚወስደው ደረጃ የሚነሣው ከሳሎኑ መሐል ነው። የአራትና የአንድ ዓመት ልጆች አሉን። ምን ብናደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ደረጃው ሳሎን ውስጥ መሆኑ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ልጆቹ ጎረምሶች ሲሆኑ ማን ወጣ፣ ማን ገባ የሚለውን ሳትጠይቁ ታውቃላችሁ። ለአሁኑ ግን አስቀድመው የመደገፊያውን ዘንጎች ይለኩ። በሁለት ዘንጎች መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ የልጅ አካል ሊያልፍና ጭንቅላቱ ሊያዝ ስለሚችል ተጨማሪ ዘንግ ይግባበት ወይም በጠንካራ ግልጽ ሰሌዳ ይሸፈን። ከእርከን እስከ እርከን ከኋላው ክፍት የሆነ ደረጃም በዚሁ ልክ ይታይ። ዘንጎቹ አግድም ከሆኑ ለልጅ መሰላል ናቸው፤ እነርሱን መሸፈን ግዴታ ነው። በመደገፊያው አጠገብ ሶፋም ሆነ ሣጥን አታስቀምጡ፤ ረጃጅም መደርደሪያዎችንና ቴሌቪዥኑን ከግድግዳው ጋር በብሎን እሰሩ።

የሕፃናት መከላከያ በር ከላይም ከታችም ያስፈልጋችኋል። የላይኛው ግድግዳ ላይ በብሎን የሚታሰር መሆን አለበት፤ በግፊት ብቻ የሚቆመው ዓይነት ልጅ ሲደገፈው ሊነቀል ስለሚችል ለታችኛው ብቻ ይሁን። ትንሹ ልጅ በሩን መክፈት ወይም በላዩ መንጠላጠል የጀመረ ዕለት አንሡት፤ ከዚያ በኋላ ከበሩ ጫፍ የሚወድቀው ከደረጃው ብቻ ከሚወድቀው የከፋ ነው።