በእንጉዳይ ላይ የተገኘች ጥንዚዛ በፎቶ ብቻ ትታወቃለች?

ጥያቄ፦ ከዝናብ በኋላ በበቀለ እንጉዳይ ባርኔጣ ሥር፣ ርዝመታቸው 2 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነና አጭሩ የክንፍ ሽፋናቸው ሆዳቸውን የማይሸፍንላቸው ብዙ ቡናማ ጥንዚዛዎች አግኝቼ በስልኬ ፎቶ አነሣሁ። የዝርያቸውን ስም ከፎቶው አውቄ መመዝገብ እችላለሁን?

መልስ፦ እስከ ወገኑ (ተቀራራቢ ዝርያዎችን እስከሚያቅፈው ምድብ) ድረስ ሊደርሱ ይችሉ ይሆናል፤ ዝርያውን ግን ከፎቶ መለየት አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። አጭሩ የክንፍ ሽፋንና የተጋለጠው ሆድ ነፍሳቱ ከ60,000 በላይ ዝርያዎች የተገለጹለት የስታፊሊኒዴ አስተኔ (ብዙ ወገኖችን የሚያቅፍ ምድብ) አባላት መሆናቸውን በብርቱ ይጠቁማል። መጠናቸውና በትኩስ እንጉዳይ ላይ በብዛት መገኘታቸው ደግሞ ጋይሮፌና የተባለውን ወገን ያስጠረጥራል። የዚህ ወገን አባላት በባርኔጣው ሥር እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩትን ስስ ክፍሎች እየፋቁ፣ ስፖሮቹንና (የእንጉዳዩን ጥቃቅን የመራቢያ ቅንጣቶችና) ስፖር አፍሪውን ንጣፍ ይመገባሉ። ይሁንና በእንጉዳይ ላይ የተገኘ ሁሉ እንጉዳይ በል አይደለም፤ ሎርዲቶን የተባለው ወገን ወደዚያ የሚመጣው በእንጉዳዩ ውስጥ ያሉትን የዝንብ እጮች ለማደን ነው። ከእነዚህ ሁሉ በመጠን የሚልቀውና ትልልቅ መንጋጋ ያለው ኦክሲፖረስ ግን የእንጉዳዩን ሥጋ ራሱን ይበላል።

የጋይሮፌና ዝርያዎች እርስ በርሳቸው እጅግ ስለሚመሳሰሉ፣ መለያቸው በዋናነት በወንዱ ሆድ የመጨረሻ ክፍሎች ጀርባ ላይ በሚታዩት ጥርስ መሰል ጉጦችና ሸንተረሮች፣ ከዚያም በማይክሮስኮፕ በሚመረመረው የመራቢያ አካሉ ቅርጽ ላይ ይመሠረታል። ስለዚህ ከአንድ እንጉዳይ አንዲት ጥንዚዛ ብቻ ሳይሆን ጥቂት መውሰድ ይገባል፤ የተያዙት ሁሉ ሴቶች ከሆኑ ባለሙያም ስም ለመስጠት ሊቸገር ይችላልና። በተጠበቀ አካባቢ ከሆኑ አስቀድመው ፈቃድ ይጠይቁ። ባርኔጣውን በነጭ ወረቀት ላይ ቀስ አድርገው መታ መታ ቢያደርጉት ነፍሳቱ ይወድቃሉ፤ ከዚያም ከ70 እስከ 80 በመቶ በሆነ አልኮል ውስጥ ያኑሯቸው። የእያንዳንዱ እንጉዳይ ነፍሳት ለየብቻ በየብልቃጡ ይቀመጡ። መለያ ጽሑፉ በእርሳስ ተጽፎ ብልቃጡ ውስጥ ይግባ፤ የተለመደው የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይሟሟል።

በእኔ አመለካከት ብዙ መዝገቦችን ዋጋ የሚያሳጣቸው የጥንዚዛዋ ሳይሆን የእንጉዳዩ ማንነት መዘለሉ ነው። «በእንጉዳይ ላይ» የሚል ማስታወሻ ምንም ያህል አይነግርም። የባርኔጣውን ላይና ታች፣ ግንዱን እስከ ሥሩ ፎቶ ያንሡ፤ በአፈር ላይ ወይስ በእንጨት ላይ እንደ በቀለ፣ ትኩስ ይሁን መበስበስ የጀመረ ይጻፉ። ሌላ ባርኔጣ ቢገኝ ገጾቹ ወደ ታች ሆነው በወረቀት ላይ ሲያድር የስፖሮቹ ቀለም ይታተማል፤ እንጉዳዩን ለመለየት ይህ ቀለም ብዙ ይረዳል። ከእንጉዳዩም ጥቂት አድርቆ ማስቀመጥ በኋላ ለሚነሣ ጥርጣሬ መልስ ይሆናል።

ቀኑ፣ የቦታው መጋጠሚያ ነጥብ (ኬክሮስና ኬንትሮስ)፣ ከፍታውና የሰብሳቢው ስም ከመዝገቡ አይጎድሉም። ዝርያውን የለየው ሌላ ሰው ከሆነ ስሙና የለየበት ቀን ለብቻው ይመዝገብ። ናሙናው እስኪመረመር ድረስ «ጋይሮፌና፣ ዝርያው ያልተለየ» ብለው ቢጽፉ መዝገብዎ ጎዶሎ አይባልም፤ በግምት የተሰጠ የዝርያ ስም ግን አንዴ ወደ ሥርጭት ካርታ ከገባ በኋላ ለማረም ያስቸግራል።