ሴፕሲስና ኩላሊት፦ ጂን በሚያፍኑ ናኖቅንጣቶች ላይ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጂን ማፈን ዲኤንኤን ይለውጣል?

አይለውጥም። ጂን የሚያፍነው ኤስአይአርኤንኤ (siRNA) 21 ያህል ፊደላት ያሉት አጭር ባለ ሁለት ዘር ሰንሰለት ነው። ሕዋስ ውስጥ ሲገባ አንዱ ዘር ተዛማጁን መልእክተኛ አርኤንኤ (ፕሮቲን የሚሠራበትን የጂን ቅጂ) ፈልጎ ያስቆርጠዋል፤ ፕሮቲኑም ይቀንሳል። መድኃኒቱ ሲያልቅ ጂኑ ሥራውን ይቀጥላል። ለሴፕሲስ (ሰውነት ለኢንፌክሽን በሚሰጠው የተዛባ ምላሽ ኩላሊትን ጨምሮ የራሱን አካላት ለሚጎዳበት ሕመም) ይህ ይጠቅማል፤ ብግነት ቀስቃሾቹ ጂኖች ተህዋሲያንንም ስለሚዋጉ ለዘለቄታው ልናፍናቸው አንችልም።

ጥያቄ፦ ኤስአይአርኤንኤው ያለ ቅንጣት (እጅግ ጥቃቅን መጠቅለያ) ለምን አይሰጥም?

ካልተጠናከረ የደም ኢንዛይሞች ይቆራርጡታል፤ የተረፈውን ኩላሊት በደቂቃዎች ውስጥ በሽንት ያወጣዋል። የኩላሊት ቱቦ ሕዋሳት ጥቂቱን ስለሚያስቀሩ ቴፕራሲራን፣ ፒ53ን (የተጎዱ ሕዋሳት እንዲሞቱ የሚያደርገውን ጂን) የሚያፍነው፣ ያለ ቅንጣት ተሞክሯል። ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ በሁለተኛው የሰው ሙከራ ምዕራፍ ተስፋ ሰጥቶ በሦስተኛው ወድቋል።

ጥያቄ፦ ቅንጣቱ ጉበትን ትቶ ኩላሊት ጋ እንዴት ይደርሳል?

ዋናው ፈተና ይኸው ነው። በ2018 የጸደቀው የኤስአይአርኤንኤ መድኃኒት ፓቲሲራን የተጠቀለለበት የስብ ቅንጣት በተፈጥሮው ጉበት ይገባል። የኩላሊት ማጣሪያ ደግሞ ከ10 ናኖሜትር በላይ የሆነውን እምብዛም አያሳልፍም። ብዙዎች የተጎዳ ቱቦ ላይ በሚበዛው ኪም-1 በተባለ ፕሮቲን ላይ ያነጣጥራሉ፤ ኪም-1 ግን የሚገኘው ሽንት በሚያልፍበት ገጽ ነው፤ 100 ናኖሜትር ቅንጣት ከደም ተነሥቶ እዚያ አይደርስም። ቅንጣቱን ብናሳንሰውም በሴፕሲስ ማጣሪያው ራሱ ስለሚዳከም ቱቦው ውስጥ የሚገባው ይቀንሳል። በእኔ እምነት የተሻለው ዒላማ የተቆጣ የደም ሥር ግድግዳ የሚያወጣው ኢ-ሴሌክቲን የተባለ ፕሮቲን ነው፤ ፊቱ ወደ ደም ነውና።

ጥያቄ፦ ሕዋስ ውስጥ ከገባስ?

አብዛኛው ኢንዶሶም (ወደ ሕዋስ የገባውን የሚይዝ ከረጢት) ውስጥ ታስሮ ይፈጫል። በስብ ቅንጣቶች ላይ ሲለካ ኤስአይአርኤንኤ ወደሚሠራበት ሳይቶፕላዝም (የሕዋሱ ውስጠኛ ክፍል) ያመለጠው ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነበር።

ጥያቄ፦ አይጥ ላይ ከሠራ ለምን ታካሚ ጋ አልደረሰም?

አንዱ ምክንያት ጊዜ ነው። በብዙ ሙከራ መድኃኒቱ የሚሰጠው ሴፕሲስን ለማስመሰል ከሚወጋው የባክቴሪያ መርዝ (ኤልፒኤስ) በፊት ወይም አብሮ ነው። ታካሚ የሚመጣው ሕመሙ ከጀመረ በኋላ ነው፤ የኩላሊት መድከም የሚለካበት ክሬቲኒንም በደም ውስጥ የሚጨምረው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ጥናት ስታነቡ ሦስት ነገር ፈልጉ፦ መድኃኒቱ ከጉዳቱ በኋላ ተሰጥቷል? አይጦቹ አንቲባዮቲክና ፈሳሽ አግኝተዋል? በዚያው ቅንጣት የተጫነ፣ ምንም ጂን የማያፍን ሰንሰለት ለማነጻጸሪያ ገብቷል? ሦስተኛው ከሌለ የሠራው ቅንጣቱ ራሱ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ አባቴ አይሲዩ (ጽኑ ሕሙማን ክፍል) ናቸው፤ ይህን ልጠይቅላቸው?

ይማርልዎ። ለሴፕሲስ ኩላሊት የጸደቀ እንዲህ ያለ መድኃኒት የለም። ሐኪሙን ስለ አንቲባዮቲኩ፣ ስለ ደም ግፊቱ (አማካዩ 65 ሚሊሜትር ሜርኩሪ እንዲደርስ ይፈለጋል)፣ በየሰዓቱ ስለሚወጣው ሽንት ይጠይቁ። ኩላሊትን ሊጎዳ የሚችል ዳይክሎፌናክ ወይም ጄንታማይሲን ታዝዞ ከሆነም ስለ ኩላሊታቸው ያንሡበት።