የዛፍ ሽበት ለጉልበት ሕመም ይሆናል?

ጥያቄ፦ የ56 ዓመት ሴት ነኝ። ለጉልበቴ ሕመም ለዓመታት ዳይክሎፌናክ፣ ለደም ግፊት ደግሞ አምሎዲፒን እወስዳለሁ። ውጭ አገር ያለችው እህቴ ብግነትን ይቀንሳል የተባለ፣ ከዛፍ ሽበት የተዘጋጀ ካፕሱል ልካልኛለች። ዳይክሎፌናኩን ትቼ በእርሱ ብተካው ምን ይላሉ?

መልስ፦ ካፕሱሉን እንዳይወስዱት እመክርዎታለሁ፤ ጀምረው ከሆነም ያቁሙ። ይህን የምለው የእህትዎ ሐሳብ መሠረት የሌለው ስለሆነ አይደለም። በባሌና በሰሜን ተራሮች በአስታ ዛፎች ላይ እንደ ጢም ተንጠልጥሎ የሚታየው የዛፍ ሽበት (ኡስኒያ) ላይከን ነው፤ ማለትም ፈንገስና አልጌ ተደጋግፈው የሚኖሩበት ፍጥረት ነው። ፈንገሱ ከሚያመርታቸው ውህዶች መካከል በስፋት የተጠናው ኡስኒክ አሲድ ሲሆን፣ በላቦራቶሪ ከአይጥ በተገኙ የመከላከያ ሴሎች ላይ ሲሞከር ብግነትን የሚያስነሳውን ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ የተባለ ፕሮቲን ያዳክማል፤ ቲኤንኤፍ-አልፋ የተባለው የብግነት መልእክተኛም ይቀንሳል። ሆን ተብሎ እግራቸው እንዲያብጥ በተደረጉ አይጦች ላይም እብጠቱን ቀንሷል። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሴልና የአይጥ ውጤት ነው፤ የሰው ጉልበት ሕመምን ያስታግሣል ለማለት አያበቃም።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ጉበትዎ ነው። ኡስኒክ አሲድ ምግብን ወደ ኃይል የሚለውጡትን የሴል ክፍሎች፣ ማይቶኮንድሪያዎችን፣ ሥራ ስለሚያውክ ኃይሉ በሙቀት መልክ ይባክናል፤ በአንድ ወቅት በአሜሪካ ለክብደት መቀነሻነት የተሸጠውም በዚሁ ምክንያት ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ይህን ውህድ ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ጋር የያዘውን ሊፖኪኔቲክስን የወሰዱ ሰዎች ለከባድ የጉበት ጉዳት መዳረጋቸውን ገልጾ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ከዚያም በኋላ ኡስኒክ አሲድን ለብቻው ወስዳ ጉበቷ በመድከሙ የጉበት ንቅለ ተከላ ያስፈለጋት ወጣት ሴት ጉዳይ በሕክምና መጽሔት ተዘግቧል። ካፕሱሉን አስቀድመው ወስደው ከሆነ የጉበት ምርመራ ያድርጉ፤ ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትዎ ከጠቆረ ወይም ማቅለሽለሽ ከያዘዎት ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ከዛፍ ለቅመው አፍልተው ለመጠጣት አስበው ከሆነ ይህንንም አልመክርም፤ ላይከን ሥር ስለሌለው ምግቡን ከአየርና ከዝናብ ይወስዳል፣ በመንገድ ዳር የበቀለውም እርሳስንና ሌሎች ብረቶችን ያከማቻል። በአውሮፓ የአይስላንድ ላይከን ለደረቅ ሳልና ለጉሮሮ መቆጣት በባህላዊ መድኃኒትነት ይታወቃል፤ እርሱ ግን ጉሮሮን በልጥልጥ ፈሳሽ በመሸፈን የሚያገለግል ሌላ ዝርያ ስለሆነ ለመገጣጠሚያ ሕመም አይሆንም።

ዳይክሎፌናኩን ለመተው ማሰብዎን ግን እደግፋለሁ። ለረጅም ጊዜ ሲዋጥ የደም ግፊትን ሊጨምር፣ ጨጓራን ሊያቆስልና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። በመሆኑም ግፊትዎንና ኩላሊትዎን ከሚከታተሉት ሐኪም ጋር ተመካክረው በጉልበት ላይ የሚቀባውን የዳይክሎፌናክ ጄል፣ የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር የፊዚዮቴራፒ እንቅስቃሴና፣ ክብደትዎ ከፍ ያለ ከሆነ፣ መቀነሱን ያስቡበት። አምሎዲፒኑን በራስዎ ፈቃድ እንዳያቋርጡ።